የሚሄድ መምህር፣ የሚቀር ልጅ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር ሲደርስ ከተማው ፈንጣጣ ገብቶበት ነበር። በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ የቤተ መንግሥቱ ልጆች በር በተዘጋበት ክፍል ተኝተዋል። ብሩስ የወጣለት ሐኪም አልነበረም፤ ከሕክምና ጥቂት ጥቂት ያውቃል። በሩንና መስኮቱን አስከፈተ፤ ክፍሉን በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ፤ ዕጣንና ከርቤ አስጨሰ። ከልጆቹ የሞቱ አሉ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ግን ዳነ። ወይዘሮ አስቴር የእቴጌይቱ ልጅ፣ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ናት። እንግዳው በታመመ ልጅ አልጋ በኩል አልፎ ከቤተ መንግሥቱ እልፍኝ ገባ፤ ሹመትም አገኘ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል አገሩን ናፍቆ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1790 ጉዞውን በአምስት ቅጽ አሳተመ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይነሳል።

ይህን የማነሳው ብሩስን ለመውቀስ አይደለም። ልጅ አስታሟል፤ ልጁም ድኗል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በጎንደር ሲደጋገም የኖረው ነገር ቅርጹ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ እንግዳ ይመጣል፣ ለልጅ በጎ ይሠራል፣ በልጁ በኩል በር ይከፈትለታል፣ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል። ልጁ ይቀራል።

ዛሬ ያን ነገር ረጋ ብሎ ለመመርመር የተመቸ ጊዜ ነው፤ እንግዳው የለምና። በመጋቢት 2012 ኮሮና አውሮፕላኖቹን አቆመ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ እሳቱም እስከ ዳባትና ደባርቅ አፋፍ ደረሰ። ያ ሲበርድ ሌላ ተተካ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የምዕራብ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይጓዙ ሲያስጠነቅቁ ከርመዋል። በፋሲል ግንብ ዙሪያ ቦርሳ አዝለው ይዞሩ የነበሩት፣ በየማዕከሉ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩና ሕፃን ሊያቅፉ የሚመጡት ወጣቶች ቀሩ። ጎርፍ ሲጎድል ድንጋዩ ይታያል እንደሚሉት፣ አሁን የሚታየውን ማየት ነው። የትኛው ሥራ ከእንግዳው ጋር አብሮ ሄደ? የትኛው ቆመ?

ተማሪው የሚዞርበት፣ መምህሩ የሚቀመጥበት

ከማንም በፊት ጎንደር የሰው ልጅ ማስተማርና ማብላት ታውቃለች። በአታ ለአቋቋም የታወቀ ደብር ነው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ተማሪ ሲጎርፍበት ኖሯል። የቆሎ ተማሪውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ለምዱን ደርቧል፣ አኩፋዳውን አንግቷል፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዟል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ስሙን አትጠይቀውም፤ ፎቶ አታነሳውም፤ በዓመቱ የምስጋና ደብዳቤ አትጠብቅበትም። ነገ ሌላ ቢመጣም ያው ነው። ጎጆው ውስጥ ደግሞ ቀደም ያለው ተማሪ ለተከታዩ ይቀጽላል፤ ትልቁ ትንሹን ያስጠናል፤ የኔታ ሁሉንም ያዳምጣሉ።

ይህን ሕይወት በማር መቀባት አይገባም። ረሃቡ፣ እከኩ፣ ዱላው፣ በውሻ መነከሱ ሁሉ አለበት፤ በዚያ መንገድ የሞተ ልጅ ብዙ ነው፤ ሴት ልጅም በአብዛኛው ከበሩ ውጭ ነበረች። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በዚህ ሥርዓት የሚዞረው ተማሪው ነው፤ መምህሩ ቦታው ላይ አለ። ተማሪ አሥር ዓመት ቆይቶ ቢመለስ የኔታን ወይም የኔታ ያወጡትን ደቀ መዝሙር እዚያው ዛፍ ሥር ያገኛል። ዘመናዊው የበጎ ፈቃድ ጉዞ ይህንን ገለበጠው። አሁን መምህሩ ይዞራል፤ ልጁ ባለበት ይቀመጣል። በየሁለት ሳምንቱ ፊት ይለዋወጥበታል፣ ስም ይለዋወጥበታል፣ ዘፈን ይለዋወጥበታል። የክርክሬ ማሰሪያ ይኸው ነው፤ ቀሪው ማስረጃ ነው።

የልጅ አያያዝም እንዲሁ ከውጭ አልመጣልንም። የማደጎ ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ እያለ ማኅበረሰቡ ወላጅ ያጣውን ሕፃን ከአንድ ቤት ጋር ያያይዛል። ጣትን ማር ነክሮ ለልጁ በማላስ ወይም ጡት በማስያዝ የሚታሰረው የጡት አባትነት ቃል ኪዳን እስከ ሞት ነው። ልጁን የተረከበው ሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብቻ አባት ልሁን ማለት አይችልም።

ሦስት ዓይነት አመጣጥ

የውጭ ሰው ለማስተማር ወይም ለማከም ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የጎንደርና የአካባቢዋ ታሪክ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አመጣጥ ያሳየናል።

የመጀመሪያው ተተኪ ለማፍራት የሚመጣው ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ያ እልቂት የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ወለደ። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የዕርዳታ ተቋም እጃቸው ነበረበት፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸው ግን በሽተኛ ሕፃን ማቀፍ አልነበረም፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። ሠልጣኞቹ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ ያ ልማድ ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አልጠፋም። የውጭ መምህራኑ ሄዱ፤ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በደምቢያም በጃናሞራም እናት የምታዋልደው፣ ሕፃን የምትከትበው የዚያ ትምህርት ቤት የልጅ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 ከእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ጋር የተጀመረው የሕክምና ወዳጅነት በዚሁ መንገድ ሄዷል፦ ባለሙያ ለባለሙያ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተጀመረው የአሥር ዓመት ሥራም የጎንደር መምህራን በካናዳ በከፍተኛ ዲግሪ እንዲሠለጥኑ አድርጓል፤ ዓላማው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችና ልጆች እዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ እንዲያገኙ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት ለመሙላት የሚመጣው ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ሲደርሱ ከ270 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ ጎንደርም ድርሻዋን አገኘች። በዚያ ዘመን አገሪቱ ትምህርት ቤት ስትከፍት መምህር አልነበራትም፤ ስለዚህ ክፍተቱ እውነተኛ ነበር። ጓዶቹ ሁለት ዓመት ይቆያሉ፤ በመንደር ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ እንጀራ ይበላሉ፤ አማርኛ ይሞክራሉ። ዛሬ ሽበት የወረሳቸው ብዙ የጎንደር ልጆች የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ መጽሐፍ ከማን እጅ እንደተቀበሉ በስም ይነግሯችኋል።

ዳሩ ግን ክፍተት የሚሞላ ሰው ክፍተቱን የሚያስረሳበትም ጊዜ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተማሪው ራሱ በሰላም ጓድ ላይ ተነሳ፤ የተነሳውም አሜሪካን በመቃወም ብቻ ሳይሆን «ለምን የራሳችን ሰው አያስተምረንም» የሚለውን ጥያቄም ይዞ ነው። ጥያቄው መልስ እያገኘ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠር እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር በየገጠሩ ተሰማራ። በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። እነዚህ ዘመቻዎች ግዴታና ፖለቲካ ነበረባቸው፤ ፈቃድ የሚለው ቃል ለሁሉም አይሆንም። አንድ ነገር ግን አሳይተዋል፤ የራስን ልጅ በራስ ሰው፣ በራስ ቋንቋ ማስተማር ሕልም አይደለም። የሰላም ጓድ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ፤ በ1995 ተመለሰ፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ዳግም ወጣ፤ በ2007 ተመለሰ፤ በ2020 በኮሮና ምክንያት እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ በአንድ ሰሞን ጠቅልሎ ሄደ። በእንግዳ ላይ የተደገፈ ግድግዳ እንዲህ ነው፤ የሚወድቅበትን ቀን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ሦስተኛው ስሜት ለማግኘት የሚመጣው ነው። ይህ የቱሪዝም ዘመን ፍሬ ነው።

ክረምቱና ማሳደጊያው

ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ጎንደር የቱሪስት መንገድ ላይ በደንብ ገባች፤ ፋሲል ግንብ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ላሊበላ የሚባለው መስመር ሞቀ። ከመንገደኛው ጋር አዲስ ዓይነት በጎ አድራጊ መጣ። አንዳንዱ ጅምር ጤናማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤትና በጎንደር ፋሲለደስ ትምህርት ቤት መካከል በተጀመረ ወዳጅነት የተነሳው ሊንክ ኢትዮጵያ ከተማሪ ደብዳቤ መለዋወጥ ተነስቶ ክፍል ወደ መሥራት፣ ቤተ መጻሕፍት ወደ ማደራጀትና መምህር ወደ ማሠልጠን አድጓል። ወደ እስራኤል ለመጓዝ በጎንደር ተራቸውን ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ልጆችም ከእስራኤልና ከአሜሪካ እየመጡ ያስተማሩ ነበሩ። ሌሎችም የጎዳና ልጆችን ሰብስበው፣ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ስፖንሰር ፈልገው ትምህርት ቤት ያስገቡ አሉ። ያንን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ግፍ ነው።

ነገር ግን የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። የአውሮፓና የአሜሪካ ተማሪ ዕረፍት የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያ ደግሞ የእኛ ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የደጋው ልጅ ከብት ይዞ ጭጋግ ውስጥ ነው። ላስተምር ብሎ ሻንጣውን ይዞ የመጣውን ወጣት ማን ይቀበለው? የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊቀበለው አይችልም። ዓመቱን ሙሉ ልጅ የማይጠፋበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ማሳደጊያ ወይም ማዕከል። ስለዚህ ማንም ሳያቅድ፣ ማንም በክፋት ሳያስብ፣ የእንግዳው የዕረፍት ጊዜ ራሱ እግሩን ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ መራው። ማሳደጊያውም ተማረ፤ ልጅ ባለበት ፈረንጅ ይመጣል፤ ፈረንጅ በመጣበት ገንዘብ ይመጣል።

አንድ ጊዜ አንድ ማዕከል ገብቼ ግድግዳው ላይ የእጅ አሻራ አየሁ፤ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫ ቀለም የተነከሩ መዳፎች፣ ከየሥራቸው ስምና ዓመት የተጻፈባቸው። ከጣራ እስከ ወለል ሞልቷል። የልጆቹን አሻራ ስፈልግ ከታች፣ ከበሩ ጎን፣ ጥቂት ትንንሽ መዳፎች አገኘሁ፤ ስም አልተጻፈባቸውም። ልጆቹ ግን የሚገቡትን ሁሉ በአንድ ዘፈን ይቀበሉ ነበር፤ ያውም ቃሉ ሳይዛነፍ። ስም መያዝ የተዉ ይመስላሉ፤ በየወሩ የሚለወጥ ስም ምን ያደርግላቸዋል?

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት ሕፃን ልጅ ከምግብና ከልብስ ባልተናነሰ አንድ የማይለወጥ አሳዳጊ እንደሚያስፈልገው አስረዳ። በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ ሲጨምር፣ ከልጆቹ ከአራቱ ሦስት ያህሉ በሕይወት ያለ ወላጅ እንዳላቸው ታወቀ። ቱሪስቱ ማሳደጊያ ሲፈልግ ማሳደጊያ ይበዛል፤ ማሳደጊያ ሲበዛ «ወላጅ አልባ» ይበዛል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕፃናትን ለእንዲህ ዓይነት ትርፍ ወደ ማሳደጊያ ማስገባትን ከዘመናዊ ባርነት ቆጠረችው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የሕፃናት መብት ውሳኔ በማሳደጊያ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ቱሪዝም ልጆችን ለብዝበዛ እንደሚያጋልጥ አስጠነቀቀ።

እኛም ከራሳችን ክልል መራራ ትምህርት አለን። በወሎ ጃሪ፣ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ወላጅ ያጡ ልጆች በተሰበሰቡበት የሕፃናት መንደር፣ ኃላፊ የነበረ እንግሊዛዊ ልጆችን በመድፈር ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ይህ የአንድ ወንጀለኛ ነገር ነው፤ በጎ ፈቃደኛውን ሁሉ በእርሱ መለካት አይገባም። ያጋለጠው የበር ጉዳይ ግን የሁላችን ነው። በለንደን አንድ ሰው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ለመሥራት የወንጀል መዝገቡ ይመረመራል። ያው ሰው ጎንደር ሲመጣ መታወቂያው ፈገግታው ነበር። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» መሆናችን ልጆቻችንን አስከፍሏል።

በጥር 2010 የኢትዮጵያ ፓርላማ የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ሲያስቀር፣ ልጅ ባህሉንና ሥሩን ይዞ በአገሩ ይደግ የሚል ነበር ሐሳቡ። ልጁን ከአገር መውሰድ ከለከልን፤ ደግ አደረግን። ሰውን ግን ልጁ ዘንድ እያፈራረቁ ማምጣት ሕጉ አልነካውም።

ደባርቅ፣ እሑድ ከሰዓት

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። ከደባርቅ ወደ ሳንካበር በሚወስደው መንገድ ዳር ከሣር የተሠራ ባርኔጣ ይዘው የሚቆሙ ልጆች ነበሩ። መኪና ሲያዩ «ዩ! ዩ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ብር፣ ብዕር፣ ካራሜላ። እንግዳው አንድ ጊዜ በመስኮት የወረወረው ብዕር ልጁን ከክፍል አውጥቶ መንገድ ላይ አቆመው። በጎንደር ፒያሳም መዝገበ ቃላት ግዛልኝ የሚል ሊስትሮ ነበር፤ መጽሐፉ ማታ ወደ ሱቁ ይመለሳል፣ ሒሳቡ ይካፈላል እየተባለ ይታማል። በልጁ አይፈረድም፤ ገበያውን ያስተማርነው እኛና እንግዶቻችን ነን።

ያው መንገድ እሑድ ከሰዓት ሌላ ነገር ያሳያል። ከየቀበሌው ሦስትና አራት ሰዓት በእግራቸው የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ ይገባሉ፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ጥቂት ድንች። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ዓርብ ስንቁ ያልቃል፤ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤት መመለስ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ኪራዩም መንገዱም ይከብዳል። ዝናብ ከቀረ፣ በ2015 እና በ2016 በጃናሞራና በበየዳ እንደሆነው፣ መጀመሪያ የሚቀረው ስንቁ ነው፤ ቀጥሎ ተማሪው።

ይህ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚፈተነውም በእንግሊዝኛ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ላስተምር ብሎ የሚመጣ ሰው ቁልፍ ነገር ይዞ መጥቷል። ጥያቄው ቁልፉን ለማን ይስጥ ነው።

ለሁለት ሳምንት ክፍል ገብቶ ልጆቹን በጨዋታና በዘፈን ያስተማረ እንግዳ ምን እንዳደረገ መምህሩን ጠይቁት። ልጆቹ ተደስተዋል፤ እውነት ነው። ፖርሽኑ ግን ቆሟል። እንግዳው ሲሄድ መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ማካካሻ ይገባል፤ በዚያ ላይ ልጆቹ አሁን እርሱን በእንግዳው ዓይን ያዩታል። የእርሱ እንግሊዝኛ «የአበሻ እንግሊዝኛ» ነው፤ ካራሜላም የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚያስተምረው ሰው ክብሩ በሁለት ሳምንት ተሸረሸረ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለት ይህ ነው። በአንጻሩ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመምህራን ኮሌጆች የተሠራውን አስቡ። የእንግሊዙ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ቪ.ኤስ.ኦ. የላካቸው ልምድ ያላቸው መምህራን አንድና ሁለት ዓመት ተቀምጠው በከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ከአሠልጣኝ መምህራን ጋር ሠሩ። ስማቸው ግድግዳ ላይ የለም። አንድ አሠልጣኝ ግን በዓመት ብዙ ዕጩ መምህራን ያወጣል፤ እያንዳንዱም ዕድሜ ልኩን ያስተምራል።

ጎርፉ ሲጎድል የታየው

እንግዲህ ከ2012 ወዲህ የሆነው ራሱ ፈተና ነበር፤ ውጤቱም ግልጽ ነው። በእንግዳ ጉልበት ይካሄድ የነበረው የክረምት እንግሊዝኛ፣ ሥዕል፣ ጨዋታ ቆመ። በቱሪስት ኪስ ይንቀሳቀስ የነበረው ማዕከል ተንገዳገደ። ዩኒቨርሲቲው፣ ነርሷ፣ አሠልጣኙ፣ መጻሕፍቱን የምትመዘግበዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ስንቅ የምታዘጋጀዋ እናት ግን አሉ። በጦርነቱ መካከል እንኳ ትምህርት የቀጠለበት ቦታ ካለ፣ የቀጠለው እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ያገባ፣ እዚያው የተከራየ መምህር ስላለ ነው።

ከዚህም አልፎ አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል። ሰላም ሲወርድ፣ መውረዱም አይቀርም፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲያርፍ ልባቸው የተነካ ሰዎች ይመጣሉ። ይህን ያህል የተጎዳ ልጅ ባለበት አገር የማሳደጊያ ገበያ ሊደራ ይችላል። በሩን ማስተካከል ያለብን እንግዳው ደጃፍ ላይ ከመቆሙ በፊት ነው።

ዳያስፖራውም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። በ2014ቱ የገና የ«ወደ አገር ቤት» ጥሪ ሰሞን እንዳየነው፣ የእኛው ልጆችም ሻንጣ ሙሉ ብዕርና ልብስ ይዘው ይመጣሉ፤ ከሕፃናት ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤ ከጥምቀት በኋላ ይመለሳሉ። ፈረንጁን የምንተችበት ነገር በእኛ ላይ ሲሆን በጎ አድራጎት አይሆንም። ዳያስፖራው ግን ፈረንጁ የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ የልጁን አክስት በስም ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ከእርሱ የሚጠበቀው ይበልጣል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው በር መዝጋት አይመስለኝም። ጎንደር እንግዳ ያባረረችበት ዘመን ጠቅሟት አያውቅም። በሩ ግን ደፍ ይኑረው።

አንደኛ፣ ቢያንስ አንድ የትምህርት ዘመን የማይቆይ ሰው ከልጅ ፊት አይቁም፤ ከመምህሩ ጎን ይቁም። ክረምቱ ለዚህ የተመቸ ነው። የልጆቹ ክፍል ሲዘጋ መምህራኑ የክረምት ተማሪ ሆነው በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ተሰብስበዋል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዕረፍትና የመምህሩ ሥልጠና አንድ ወር ላይ ገጥመዋል። ለዓመታት እንግዳውን ወደ ማሳደጊያ የመራው ያው የቀን መቁጠሪያ ወደ መምህራን ኮሌጅ ሊመራው ይችላል፤ ወጪውም የደብዳቤ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጅ ዘንድ የሚቀርብ ማንኛውም ሰው፣ ፈረንጅም ይሁን ሐበሻ፣ የወንጀል መዝገብ ማስረጃ ሳያቀርብ አይግባ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮዎች ይህን ለመጠየቅ ማንንም ማስፈቀድ አያሻቸውም።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ቤት ይግባ። የአንድ እንግዳ የደርሶ መልስ ቲኬት የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። ልጅን ማሳደጊያ የሚያስገባው በአብዛኛው ድህነት ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ለአያት፣ ለአክስት፣ ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት ቢደርስ ልጁ ከቤቱ አይወጣም። በደባርቅ የአራት ተማሪዎች የቤት ኪራይና ስንቅ የሚሸፍን ሰው አራት ልጅ አስተምሯል፤ ምንም እንኳ አንዳቸውንም ባያቅፍ።

አራተኛ፣ የልጅ ፎቶ የዕርዳታ ደረሰኝ መሆኑ ይቅር። ቁራሽ ይዛ ከደጇ የወጣችው እመቤት ሳትጠይቅ ሰጥታለች፤ እኛም ያንን ለእንግዶቻችን ማስተማር እንችላለን።

እንግዳ ይምጣ። ጎንደር ያለ እንግዳ ጎንደር አትሆንም። ነገር ግን በማሳደጊያ ቦርድ፣ በትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ሁሉ ቀጥሎ ለሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ሻይ ከማቅረባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ስትሄድ ማን ይቀራል?» የሚቀረውን ሰው በስም መጥራት ከቻለ ይግባ። ጥሩ እንግዳ በሄደ ማግሥት ክፍሉ ውስጥ የሚጎድል መምህር የለም።